በምሽት የዱር እንስሳት ለማየት ባይኖኩላር ስንመርጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅብ፣ ድኩላ፣ ጃርት፣ ጉጉት። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉ ብዙ እንስሳት ከተደበቁበት የሚወጡት ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ነው። ስለዚህ ለእነሱ የሚሆን ባይኖኩላር የሚመዘነው በቀትር ፀሐይ በሚያሳየው ምስል አይደለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ከገባች በኋላ በሚያሳየው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ገዢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ገንዘባችሁ እንዲሁ እንዳይቀልጥ አንዳንዶቹን ዘርዘር አድርጌ መልሻለሁ።

ቁጥሩ ትልቅ የሆነው አይሻልም? 20 እጥፍ የሚያጎላውን ልግዛ?

አይሻልም። ለምሽት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ባይኖኩላር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ ለምሳሌ 8×42። የመጀመሪያው ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ ይናገራል። ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሻጭ ከፍ አድርጎ የሚጠራው የመጀመሪያውን ነው። ማታ የሚያስፈልጋችሁ ግን ሁለቱ ሲካፈሉ የሚወጣው ነው። 42ን ለ8 አካፍሉ፤ 5.25 ይመጣል። ከባይኖኩላሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋቱ ይኼን ያህል ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

የዓይን ብሌን በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ትከፈታለች። ሲጨልም ትሰፋለች። በወጣት ዓይን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ልትደርስ ትችላለች። ቀን ላይ 10×25 የሆነችው ትንሿ ባይኖኩላር 2.5 ሚሊ ሜትር ብርሃን ስለምትሰጥ ምንም አይጎድላትም። ሲመሽ ግን ብሌናችሁ በሰፊው ተከፍታ ትጠብቃለች፣ የሚመጣው ብርሃን ግን ያችው ቀጭን ክብ ናት። ምስሉ ይጠቁራል። 20×50ም ሲካፈል ያው 2.5 ነው። 8×42 የሚሰጠው ምስል ከእነዚህ ከሁለቱ በምሽት ከአራት እጥፍ በላይ ይደምቃል።

የእጅ መንቀጥቀጥም አለ። ባይኖኩላሩ እንስሳውን ሲያጎላ የእጃችሁን እንቅስቃሴም አብሮ ያጎላል። ከ10 እጥፍ በላይ ያለው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ካልተደገፈ፣ በምሽት ጠርዙ የሚዋዥቅ ጥቁር ነገር ብቻ ነው የምታዩት።

አንዳንድ ካርቶን ላይ የምሽት ችሎታን የሚያሳይ ሌላ ቁጥር ይለጠፋል። ሁለቱ ቁጥሮች ተባዝተው ስኩዌር ሩታቸው ሲወሰድ የሚገኝ ነው። እሱን ብቻ አትመኑ። በዚህ ስሌት 20×25 የሆነው 22.4 ያመጣል፣ 8×42 ደግሞ 18.3። ወረቀት ላይ የመጀመሪያው በለጠ። የሚሰጠው ብርሃን ግን 1.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ማታ ምንም አያሳይም።

እሺ፣ ታዲያ የትኛውን ልግዛ?

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 8×42 ግዙ። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 800 ግራም ስለሆነ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ዳገት ያስወጣል። የሚያሳየው ስፋትም ጥሩ ነው፣ በ1000 ሜትር ርቀት ከ110 እስከ 140 ሜትር ገደማ። በምሽት ይህ ስፋት ትልቅ ነገር ነው። የሮጠ ድኩላ በጠባብ እይታ ውስጥ ከጠፋ ተመልሶ አይገኝም።

7×50 ወይም 8×56 ከ8×42 የበለጠ ብርሃን ይሰጣሉ፤ 7 ሚሊ ሜትር ያህል። ግን ይከብዳሉ፤ ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ አሉ። በረንዳ ላይ ወይም ማማ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ምርጥ ናቸው። ለእግረኛ አልመክርም። ዕድሜም ይታሰብ። ሰው እየገፋ ሲሄድ ብሌኑ በጨለማ እንደ ልጅነቱ አትሰፋም። ሃምሳን የተሻገረ ሰው ብዙ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ለእሱ የ8×56 ትርፍ ብርሃን ብሌኑ ጠርዝ ላይ ፈሶ ይቀራል። ለአባታችሁ ወይም ለአጎታችሁ የምትገዙ ከሆነ 8×42 ይበቃቸዋል፣ አንገታቸውም ያርፋል።

10×42 እና 10×50 ክፉ አይደሉም። ገደል ማዶ ያለ ጭላዳ ወይም ሐይቅ መሃል ያለ ወፍ ለማየት ይመቻሉ። ከሁለቱ ለምሽት 10×50 ይሻላል።

ማጉያው ከፍና ዝቅ የሚደረገውን፣ ዙም ያለውን ግን ተዉት። ዋጋው የማይቀመስ ካልሆነ በስተቀር ምስሉ ጠባብና ደብዛዛ ነው።

ሱቅ ውስጥ ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት ልለየው?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መደርደሪያ ላይ «100×180» የተጻፈባት፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ባይኖኩላር ብታዩ ማስመሪያ አውጡ። ሁለተኛው ቁጥር የሌንሱ ስፋት ነው ብለናል። 180 ሚሊ ሜትር ማለት 18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ትንሽ ሳህን ያክላል። እጃችሁ ላይ ያለችው 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም። ቁጥሩ ውሸት ነው።

ቀጥሎ ባይኖኩላሩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። የፊተኛውን ሌንስ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ሱቁ በር ብርሃን አዙሩት (ወደ ፀሐይ በፍጹም)። ዓይን የሚገጥምበትን በኩል ከሩቅ ተመልከቱ። መሃሉ ላይ አንዲት ደማቅ ክብ ትታያለች። ያቺ ክብ ናት የምሽት ገንዘባችሁ። ማስመሪያ አስጠግታችሁ ለኩ። 8×42 ከሆነ ከ5 ሚሊ ሜትር ትንሽ ትበልጣለች። 3 ከሆነች ተጽፎ የነበረው ቁጥር ልክ አይደለም።

ቅርጿንም እዩ። ጥርት ብላ ክብ ከሆነች ውስጡ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት፣ ፕሪዝሙ፣ ጥሩ ዓይነት ነው፤ ባክ-4 የሚባለው። ጠርዞቿ ተቆርጠው አራት ማዕዘን መስላ ዙሪያዋ ግራጫ ከሆነ ቢኬ-7 የተባለው ርካሽ መስታወት ሊሆን ይችላል። ቀን ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ሲመሽ ግን የምስሉ ዳር ዳር ቀድሞ ይጨልማል።

አሁን ወደ ውጭ ውጡ። ባለሱቁ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሩቅ ያለ ቀጥ ያለ ነገር ፈልጉ፤ የመስጊድ ሚናራ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ያለ መስቀል፣ የቴሌ ማማ። በደንብ አጥርታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳታቋርጡ እዩ። ምስሉ ሁለት ሁለት ከሆነ፣ ወይም ዓይናችሁ ከጀርባ የሚጎተት መስሎ ከተሰማችሁና ሲያወርዱት ራሳችሁ ከዞረ፣ ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ አያዩም። መውደቅ ያመጣው ሊሆን ይችላል፣ ከፋብሪካውም ሊሆን ይችላል። ይህ እቤት አይስተካከልም። መልሱለት።

ከተቻለ ደግሞ ለመግዛት የምትሄዱት ወደ 12 ሰዓት አካባቢ ይሁን። ሁለት ሦስት ባይኖኩላሮችን ይዛችሁ በር ላይ ቁሙና መንገድ ማዶ ያለ ጥላ ውስጥ፣ በረንዳ ሥር ወይም ዛፍ ሥር ያለውን ነገር እያፈራረቃችሁ እዩ። የትኛው ዝርዝር እንደሚያወጣ ዓይናችሁ ይነግራችኋል። እንደ ሻጭ ምላስ አይዋሽም።

ሁለቱም 8×42 ናቸው። ዋጋቸው ለምን እንዲህ ተራራቀ?

ዋናው ምክንያት ሌንሱ ላይ ያለው ቅብ ነው። ብርሃን ምንም ቅብ የሌለው መስታወት ውስጥ ሲገባ 4 በመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ሲወጣም እንዲሁ። አንድ ባይኖኩላር ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ በአንድ ቱቦ አሥርና ከዚያ በላይ የመስታወት ገጽ ያቋርጣል። አሥር ጊዜ 4 በመቶ ሲቀነስ የሚደርሳችሁ 66 በመቶ ገደማ ነው። ጥሩ ቅብ ይህን ኪሳራ በአንድ ገጽ ወደ ግማሽ በመቶ ያወርደዋል፤ ያኔ 95 በመቶ ይደርሳችኋል። በቀን ማንም ልብ አይለውም። በምሽት ግን ጅቡ ጆሮውን ሲያቆም ማየትና አለማየት ማለት ነው።

ካርቶኑ ላይ «ፉሊ መልቲ ኮትድ» የሚል ካለ ሁሉም ገጾች ደራርበው ተቀብተዋል ማለት ነው። «ኮትድ» ብቻ ከሆነ ቢያንስ አንዱ ገጽ አንድ ጊዜ ተቀብቷል፣ ሌላውን አናውቅም። ቱቦው ቀጥ ያለ ከሆነ ፕሪዝሙ ላይ «ፌዝ ኮቲንግ» የሚባል ተጨማሪ ቅብ ካለው ምስሉ ይጠራል። ቱቦው ወደ ጎን የተሰበረው፣ የድሮው ዓይነት ግን ይኼን አይፈልግም። ለዚህ ነው በእኩል ዋጋ ሲሆን የድሮው ቅርጽ ብዙ ጊዜ የተሻለ ምስል የሚሰጠው። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ እሱን አትናቁት።

ሌንሱ እንደ ሩቢ የቀላውስ? የምሽት ነው ተባልኩ።

የምሽት አይደለም። ሌንሱ ቀይ የመሰለው ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልስ ነው። ወደ ዓይናችሁ መግባት የነበረበት ብርሃን ተመለሰ ማለት ነው። እለፉት። ጥሩ ቅብ ያለው ሌንስ ሲያዘነብሉት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ያሳያል፣ መስታወቱም የሌለ ያህል ጥቁር ይሆናል።

ደሴ ጉሙ አይጣል ነው። ውስጡ ጭጋግ አይዝም?

ርካሹ ይይዛል። ደሴ ላይ ውኃ የማያስገባና ናይትሮጅን ወይም አርጎን የተሞላ መግዛት ቅንጦት አይደለም። ውስጡ ደረቅ ጋዝ ስላለ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅ መስታወቱ ከውስጥ አያላብም። ዝናብ እንዲሁም በክረምት ወር ቤት ውስጥ የሚያድር እርጥበት እንኳ አያስቸግረውም።

ከውጭ በኩል የሚይዘው ጭጋግ ግን የትኛውንም አይምርም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1850 ሜትር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሲበርደው የቆየ ባይኖኩላር ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር ይገጥመዋል። ወዲያው ሌንሱ ላይ ላብ ይወጣል። በነጠላ ጫፍ አትፈትጉት። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ አቆዩት፤ ከአየሩ ጋር ይስማማል። ሌላው ምክር፦ በብርድ ስታዩ ዓይን መግጠሚያው ላይ አትተንፍሱ። በደሴ ጥዋት ይህ ብቻውን ምስሉን ይጋርደዋል።

ጉሙ ራሱ ሲወርድ ግን ምንም ባይኖኩላር አይረዳም። ቡናችሁን ጠጡ፣ ሲገለጥ ውጡ።

ናይት ቪዥን ወይስ ተርማል? ከነጭራሹ ሲጨልም ማየት እፈልጋለሁ።

ተራ ባይኖኩላር ያለውን ብርሃን ይሰበስባል እንጂ ብርሃን አይፈጥርም። በእኛ አካባቢ ደግሞ የምሽት ጭላንጭል አጭር ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ 20 ደቂቃ ያህል በደንብ ይታያል፣ ከዚያ ቶሎ ይጨልማል። ጨረቃ ካለች 8×42 ወይም 7×50 ብዙ ያሳያል። ጨረቃ ከሌለች ኤሌክትሮኒክስ ካልሆነ አይሆንም። አማራጮቹ ሁለት ናቸው ማለት ይቻላል።

አንደኛው ዲጂታል ናይት ቪዥን ነው። እንደ ካሜራ ነው። ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ራሱ ይለቃል፣ ያንኑ ተቀብሎ በስክሪን ያሳያል። ዝርዝር ያሳያል፤ የጅቡን ነጠብጣብ፣ የጃርቱን እሾህ፣ የሚያበራውን ዓይን። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 850 ናኖ ሜትር ከሆነ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን መብራቱ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ይታያል። 940 ከሆነ ነጥቡ አይታይም፣ የሚደርሰውም ርቀት ያጥራል። ጉም ውስጥ እሱን መጠቀም የመኪና ረጅም መብራት እንደማብራት ነው፦ የለቀቀው ብርሃን ተመልሶ ነጭ ግድግዳ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ተርማል ነው። የሚያየው ሙቀትን ነው። ምንም ብርሃን አይፈልግም፣ አይለቅምም። ሣር ውስጥ የተኛች ድኩላ ሰውነቷ ከሣሩ ስለሚሞቅ ቦግ ብላ ትታያለች። እንስሳ መኖሩን ለማወቅ ተርማልን የሚያህል የለም። ምን እንስሳ እንደሆነ ለመለየት ግን ይቸገራል። ነጭ ጥላ ነው የሚታየው። በሩቅ ፍየል ነው፣ ውሻ ነው፣ ጎንበስ ያለ እረኛ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ሻጭ «እስከ 1000 ሜትር ያያል» ሲል መኖሩን ያሳያል ማለቱ ነው። ምንነቱን የምታውቁበት ርቀት ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ይህን ጠይቁት።

ተርማል መስኮት መስታወት አሳልፎ አያይም፣ ስለዚህ መኪና ውስጥ ሆናችሁ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ። ወፍራም ጉም አቅሙን በጣም ይቀንሰዋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የቆላ ድንጋይ ደግሞ ምሽቱን ሙሉ ይሞቃል፣ ስክሪኑም በነጭ ነጥብ ይሞላል። ከኮምቦልቻ በታች ወደ ቆላው ለምትጠቀሙበት ንጋት ላይ ይሻላል፤ ድንጋዩ በርዶ ያድራል።

የኔ አስተያየት? ገንዘቡን መጀመሪያ ጥሩ 8×42 ላይ አውሉ። ኤሌክትሮኒክሱ ባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ያበቃል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቻርጅ ፍለጋ ነው። ጥሩ ባይኖኩላር ግን ለልጅ ይተላለፋል።

የጠመንጃ ሌንስ፣ ስኮፕ አለኝ። በሱ ባይስ?

አይሆንም። በስኮፕ ማየት ማለት ገና ምን መሆኑን ባላወቃችሁት ነገር ላይ አፈሙዝ መደገን ማለት ነው። በምሽት ያ ጥላ ከብቱን የሚፈልግ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ውኃ ልትቀዳ የወጣች እናት ልትሆን ትችላለች። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ በሕይወት የሚቀለድበት ነገር ስላልሆነ ነው።

ሕጉም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አስሮታል። ስኮፑን ፈቶ በእጅ ይዞ ማየትም አያዋጣም። በአንድ ዓይን ብቻ ነው የምታዩት፣ እይታውም ጠባብ ነው።

ማሽላ እጠብቃለሁ። ከርከሮና ጃርት ለማየት ምን ይሻለኛል?

ማማ ላይ ለሚያድር ሰው ክብደት ችግር አይደለም። ማማው ራሱ ክንድ ማስደገፊያ ይሆናል። 7×50 ያዙ። በቃሉ ወረዳ በኩል ማሽላው በሚያፈራበት በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ስለሚል የጨረቃ ብርሃን ብዙ ይረዳል። ጨረቃ የምትሞላበትን ለማወቅ የሂጅራውን አቆጣጠር እዩ፤ 13፣ 14 እና 15ኛው ሌሊት ምርጦቹ ናቸው። በነዚህ ሌሊቶች ዛላው ሲነቃነቅ ነፋስ ይሁን ከርከሮ በባይኖኩላር ይለያል። ጨረቃ በሌለባቸው ሌሊቶች ጠንካራ ባትሪና ወንጭፍ ከየትኛውም ሌንስ ይበልጣሉ።

መነጽር አደርጋለሁ። አውልቄው ልይ?

አታውልቁ፣ በተለይ አስቲግማቲዝም (የዓይን የፊት ገጽ ቅርጽ መዛባት) ካለባችሁ። ብቻ ዓይናችሁ ከሌንሱ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል እንደሚያይ ጠይቁ። 15 ወይም 16 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይስማማችኋል። የጎማውን ቀለበት ወደ ታች አጥፉት ወይም አዙራችሁ አስገቡት።

ገዛሁት፣ ግን ምስሉ አይጠራልኝም። ተበላሽቶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፣ ያልተስተካከለው ለእናንተ ዓይን ነው። የአንድ ሰው ሁለቱ ዓይኖች እኩል አያዩምና። መጀመሪያ ሁለቱን ቱቦ እያጠፋችሁ ሁለቱ ክብ አንድ እስኪሆኑ አቀራርቡ። ከዚያ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና በግራ ብቻ እያያችሁ መሃል ያለውን ጎማ አዙራችሁ አጥሩ። አሁን ግራውን ጨፍኑ። በቀኝ እያያችሁ በቀኙ ዓይን መግጠሚያ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ፣ መሃሉን አትንኩ። ሁለቱም ሲጠራ ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የምታዞሩት መሃሉን ብቻ ነው። ሰው ካዋሳችሁት ሲመለስ ቀለበቱን እዩ፤ ነካክቶት ይሆናል።

ከድሮ ጊዜ የቀረ የራሺያ ባይኖኩላር ሊሸጡልኝ ነው። ይረባል?

ሊረባ ይችላል። መስታወታቸው ጥሩ ነው፣ አካላቸውም ብረት ነው። አንዳንዶቹ ምስሉን ቢጫ ያደርጉታል፤ ትንሽ ብርሃንም ይበላሉ። ስትገዙ የስልክ ባትሪ ከፊተኛው ሌንስ በኩል አብርታችሁ ከኋላ እዩ። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ወተት መሰል ደመና ካለ ቅባቱ ተኖ መስታወቱ ላይ ተጋግሯል። ሁለቱንም አትግዙ። ውስጡ የመለኪያ መስመር ያለበት የወታደር ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ እንዳትይዙት።

በማታ ባይኖኩላር ይዞ መውጣት ጣጣ አያመጣብኝም?

ጊዜው ጊዜ ነውና ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ሰዓት እላፊ ካለ አትውጡ። ከሌለም ከመውጣታችሁ በፊት ለቀበሌውና ለአካባቢው ሚሊሻ ንገሩ፣ ከሚያውቃችሁ የአገሬው ሰው ጋር ሂዱ። ወደ ካምፕ፣ ወደ ኮምቦልቻ ኤርፖርት፣ ወደ ድልድይና ወደ ኬላ አታዙሩት። ወደ ሰው ግቢ ማየትማ ነውር ነው። ከውጭ አገር ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ካሰባችሁ፣ ተርማልና ናይት ቪዥን በተለይ፣ ከመግዛቱ በፊት ጉምሩክን ይጠይቅ። ኤርፖርት ላይ ከመከራከር ይሻላል።

የት ልሂድ?

ከሩቅ አትጀምሩ። ደሴ ላይ ከሆናችሁ ከጦሳ ግርጌ ያሉ ጥጎችን ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብላችሁ ከግቢ አጥር ውስጥ ሆናችሁ ቃኙ። ኮምቦልቻ ላይ ከከተማው በላይ ያለው የጎፍ ደን ጠርዝ አለ። ፊታችሁን ወደ ደኑ፣ ጀርባችሁን ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መብራት አድርጉ፤ አለበለዚያ ዓይናችሁ ጨለማውን አይለምድም።

ለውኃ ወፍ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ሐይቅ ከተማ፣ ከእሷ ወዲያ አርዲቦ ሐይቅ፣ በከሚሴ በኩል ደግሞ ቦርከና የሚያረሰርሰው የጨፋ ረግረግ አሉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንዶች ብቻ እንደሚገቡ አትርሱ፤ ሴቶች ከሐይቁ ዳር ሆነው ያያሉ፣ ለወፍ እንዲያውም እሱ ይሻላል።

ከሁሉም የምወደው ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ጭላዳ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። ጭላዳዎቹ ቀኑን ሜዳ ላይ ሣር ሲነጩ ውለው ሲመሽ ገደሉን ተያይዘው ይወርዳሉ፤ የሚያድሩት ገደሉ ውስጥ ነው። ማዶ ቁጭ ብሎ ያንን በ8×42 ማየት ነው። እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ አንድ እጇ ድንጋይ ጨብጦ፣ ሌላው ቀጣዩን ጠርዝ ሲፈልግ ይታያል። ቀይ ቀበሮን ለማየት ግን ማምሸት አያስፈልግም። ዋና ምግቡ የደጋ አይጥ ስለሆነ የሚያድነው በቀን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 በታች ናቸው። ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ አደራ። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ እነሱ የሚሻገረው ከሰው ውሻ ነው፣ አንድ መንጋ ሙሉ ይጨርሳል።

ባትሪ ላብራ?

በተቻለ መጠን አታብሩ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንዴ ነጭ ብርሃን ካየ ከዜሮ ይጀምራል። የስልክ ስክሪንም ነጭ ብርሃን ነው። መንገድ ለማየት ቀይ መብራት ያለው የራስ ባትሪ ያዙ፤ ከሌለ ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ እሰሩበት። በጣም ሲጨልም ደግሞ እንስሳውን ፊት ለፊት አትዩት። ከጎኑ ትንሽ ራቅ ያለ ቦታ እዩ። በጨለማ የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት መሃል ላይ የሉም፣ ዙሪያውን ነው ያሉት። ባይኖኩላር ይዛችሁም ይሠራል።

እንዴት ላጽዳው? የትስ ላስቀምጠው?

አቧራ አሸዋ ነው። ደረቅ ሌንስ ላይ ጨርቅ ካሳረፋችሁ ቅቡን ይፍቀዋል፤ ቅቡ ካለቀ የከፈላችሁበት ነገር አለቀ። መጀመሪያ በአየር መንፊያ ንፉ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ መጨረሻ ላይ በሌንስ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። ክረምት ላይ ከቆዳ ማህደሩ አውጥታችሁ፣ አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ወይም ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከምታገኟቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጡት። ከረጢቶቹ እርጥበት ጠጥተው ሲጠግቡ አይሠሩም፤ ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ ለውጧቸው።